ቮልስን ወደ ዲስክ ፍሬን መቀየር፦ የቱቦው ሥራ ከማስተሩ እስከ ጎማው

ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርደውን መንገድ የነዳ ሰው ያውቀዋል። እንጦጦ አናት ላይ ከደረሳችሁ በኋላ ቁልቁለት ነው። ከኋላችሁ ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ ይከተላል። ከፊታችሁ ሚኒባስ ድንገት ዳር ይይዛል። ጠዋት ከሆነ ደግሞ የአስፋልቱ ዳር በሯጮች የተሞላ ነው።

እዚያ ቁልቁለት ላይ ነው የቮልሴ ፍሬን አንድ ጠዋት የከዳኝ። ረገጥኩ። ፔዳሉ እንደ ባዶ ጣሳ ወለሉ ድረስ ገባ። ደግሜ ረገጥኩ፣ ያው ነው። ማርሹን ወደ ሁለት አወረድኩ። የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ ሳብኩ። ባሕር ዛፎቹ ሥር ያለው ኮረት ላይ ቆመች። ማንም አልተጎዳም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

የፊት ፍሬኗን ከታምቡር ወደ ዲስክ ካስቀየርኩ ገና ሁለት ወር ነበር። ዲስኩ አዲስ፣ ዲስኩን የሚጨብጠው ካሊፐር አዲስ፣ ካሊፐሩ ዲስኩ ላይ የሚጫነው ፓድ አዲስ። ጎንበስ ብዬ ሳይ በቀኝ ጎማ በኩል ያለው ቱቦ ልክ ከዳዶው ሥር ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ከፀጉር አይወፍርም። ጣቴን ሳሳርፍበት ረጠበ። የሠራልኝ ጋራዥ ያስገባው የፍሪጅ መዳብ ቱቦ ነበር።

ከዚያ በኋላ የቱቦውን ሥራ በሙሉ ራሴ፣ ሱሉልታ ቤቴ ጓሮ ውስጥ፣ ከአንድ የቆዩ መካኒክ ጋር እየተማከርኩ እንደገና ሠራሁት። ብዙ ሰው ገንዘቡን ዲስክና ካሊፐር ላይ ያፈሳል። ቱቦው ላይ ሲደርስ «የተገኘው ይግባ» ይላል። የእግራችሁን ጉልበት ጎማው ጋ የሚያደርሰው ግን ያ ቀጭን ቱቦ ነው። ስለዚህ እዚህ ዲስኩን ስለመግጠም አላወራም። ዲስኩና ካሊፐሩ ቦታቸው ላይ ገብተዋል ብለን እንነሳ። ምሳሌዬ ቮልስ ናት፣ ነገር ግን ፊያትም ፔጆም ላለው ሰው አብዛኛው ይሠራል።

መጀመሪያ ማስተሩን እዩ

ማስተር የሚባለው የፔዳሉን ግፊት ተቀብሎ ዘይቱን ወደ ቱቦዎቹ የሚገፋው ሲሊንደር ነው። የድሮዋ ቮልስ ማስተር ባለአንድ መስመር ነው። አንድ ፒስተን አራቱንም ጎማ ይገፋል። አንድ ቦታ ካፈሰሰ አራቱም ይጠፋሉ። እኔን ያገኘኝ ይኸው ነው። ለአሜሪካ ገበያ የሚላኩት ቮልሶች ከ1967 ሞዴል (በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ጀምሮ ባለሁለት መስመር ማስተር ነበራቸው። በዚህኛው የፊት ጎማዎች ለብቻ፣ የኋላ ጎማዎች ለብቻ ነው የሚሄዱት። አንዱ ቢፈስ ሌላው ይቀራል። ወደ ዲስክ ስትቀይሩ ማስተሩን ወደ ባለሁለት መስመር ቀይሩት። እኔ ይህን አማራጭ ብዬ አላልፈውም፣ ግድ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። የካሊፐር ፒስተን ከታምቡር ሲሊንደር በጣም ይሰፋል፣ ብዙ ዘይት ይፈልጋል። የድሮው ባለአንድ መስመር ማስተር ውስጡ 17.46 ሚሊ ሜትር ነው። ባለሁለት መስመሩ 19.05 ሚሊ ሜትር ነው። ጠባቡን ከዲስክ ጋር ካስቀራችሁት ፔዳሉ ሩቅ ይወርዳል።

ስትገዙ «ለዲስክ ነው ለታምቡር?» ብላችሁ ጠይቁ። የታምቡር ማስተር መውጫው ላይ ትንሽ ቫልቭ አለችው። እግራችሁን ከፔዳሉ ስታነሱም መስመሩ ውስጥ ትንሽ ግፊት ታስቀራለች። ለታምቡር ይህ ጥሩ ነው። ለዲስክ ግን ፓዱ ዲስኩን ሳይለቅ ይቀራል ማለት ነው። ዲስኩ ይግላል፣ ፓዱ ያልቃል፣ ነዳጁም ይበላል። መኪናዋን ክሪክ ላይ አንስታችሁ ፍሬን ከረገጣችሁና ከለቀቃችሁ በኋላ ጎማው በእጅ አልዞር ካለ፣ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህችን ቫልቭ ነው።

ሞተራቸው ከፊት ለሆነ መኪኖች ሁለት ነገር ልጨምር። ብዙዎቹ በአየር የሚያግዝ የፍሬን ሰርቮ አላቸው። ሰርቮው የሚሠራው ከውጭ ባለው የአየር ግፊት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የአየር ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ያው ሰርቮ ጅቡቲ ወደብ ላይ የሚሰጠውን እርዳታ እዚህ አይሰጥም፣ እንጦጦ ላይ ደግሞ ይብስበታል። ትንሽ ሰርቮ አትምረጡ። ሁለተኛው፣ በነዚህ መኪኖች ድንገት ሲፈረን ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላው ጎማ ቀድሞ ይቆለፍና መኪናው ይዞራል። ለዚህ ወደ ኋላ በሚሄደው ቱቦ ላይ ግፊት የሚቀንስ፣ በእጅ የሚስተካከል ቫልቭ ይገባል። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ያለሱ ትሄዳለች። ፋብሪካውም በ1966 ያወጣው ባለ ዲስኩ 1500 ሞዴል እንዲህ ነበር።

ቱቦ መግዛት

የሚያስፈልጋችሁ ውጭው 4.75 ሚሊ ሜትር የሆነ የፍሬን ቱቦ ነው። ሁለት ዓይነት ብቻ ግዙ። አንዱ ዝገት እንዳይበላው የተቀባ የብረት ቱቦ ነው። ሌላው የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ነው፣ 90 በመቶ መዳብ፣ 10 በመቶ ኒኬል። እንደ ቮልቮ ያሉ ፋብሪካዎች በ1970ዎቹ ወደዚህ ዞረዋል። በእጅ ይታጠፋል፣ አይዝግም፣ አፉም በቀላሉ ይወጣል። እኔ የተጠቀምኩት ይህንን ነው።

ንጹሕ መዳብ ግን አይሆንም። መዳብ ሲንቀጠቀጥ ይደርቃል፣ ከደረቀ በኋላ ይሰነጠቃል። የመኪና ጎማ ውስጥ ያለው አየር 2 ባር ገደማ ነው። ፍሬን አጥብቃችሁ ስትረግጡ ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከ70 እስከ 100 ባር ይደርሳል። የፍሪጅ ቱቦ ለዚያ አልተሠራም።

ሱቅ ውስጥ እንዴት ትለያላችሁ? ማግኔት ያዙ። ማግኔቱ ከያዘው ብረት ነው። ካልያዘው ጫፉን በሞረድ ትንሽ ጫር አድርጉት። ንጹሕ መዳብ ቀይ ይሆናል። ቅይጡ ነጣ ያለ፣ ከሮዝ ወደ ብር የሚወስድ ነው። ሶማሌ ተራ ስትሄዱ አሮጌውን ቱቦ ከነዳዶው ይዛችሁ ሂዱ። በቃል አስረድቶ መግዛት እዚያ አያዋጣም።

ያገለገለ ቱቦ አትግዙ። የገበያው ሰው «ኦሪጅናል ነው፣ ከጀርመን የመጣ» ቢላችሁም። ውስጡን ማየት አትችሉም።

የቱቦው አፍ፣ ትልቁ ወጥመድ

እዚህ ቀስ እንበል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

የፍሬን ቱቦ ጫፍ ሁለት ዓይነት አፍ አለው። የጀርመን መኪኖች፣ ቮልስም ጭምር፣ ክብ አፍ ነው የሚጠቀሙት። ጫፉ እንደ እንጉዳይ ጭንቅላት ያበጠ ነው። የጃፓን መኪኖች፣ ለምሳሌ ቶዮታ፣ አፉ እንደ ጡሩምባ የተከፈተና ጠርዙ ወደ ውስጥ የታጠፈ፣ ድርብ አፍ ነው።

ወጥመዱ ምንድን ነው? የሁለቱም ዳዶ ጥርስ አንድ ነው፣ ኤም 10 በ1 (ስፋቱ 10 ሚሊ ሜትር፣ ከጥርስ ጥርስ 1 ሚሊ ሜትር)። ስለዚህ የቶዮታ ቱቦ ቮልስ ላይ ይገባል። ይጠመዘዛል። ይጠብቃል። ትክክል የገባ ይመስላችኋል። ነገር ግን መቀመጫው የሌላ ስለሆነ አፉ በደንብ አይቀመጥም። ወይ ያፈሳል፣ ወይ እንዳያፈስ ብላችሁ ስታጠብቁት የማስተሩን ወይም የካሊፐሩን መቀመጫ ትጎዱታላችሁ። ከዚያ በኋላ ትክክለኛው ቱቦም ቢመጣ አይይዝም። ገበያው ላይ የቶዮታ ቱቦ በብዛት ስለሚገኝ ይህ ስሕተት በየጋራዡ አለ።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ማስተሩንና ካሊፐሩን በባትሪ አብርታችሁ ውስጣቸውን እዩ። ቱቦ የሚቀመጥበት ጉድጓድ ታች ላይ ወደ ውስጥ የሚጠልቅ ከሆነ ክብ አፍ ነው የሚፈልገው። መሐሉ ላይ ሾጠጥ ያለ ጉብታ ካለ ድርብ አፍ ነው። ካሊፐራችሁ ከሌላ መኪና የተወሰደ ከሆነ በአንድ ቱቦ ሁለት ጫፍ ላይ ሁለት ዓይነት አፍ ሊያስፈልግ ይችላል። ያ ችግር የለውም፣ እያንዳንዱ ጫፍ ከመቀመጫው ጋር ይግጠም ብቻ። ዳዶዎቹም ይለያያሉና ለእያንዳንዱ አፍ የራሱን ዳዶ ውሰዱ።

ዕቃ ማዘጋጀት

የቱቦ መቁረጫ፣ የቱቦ አፍ ማውጫ፣ ለዳዶው የሚሆን 11 ቁልፍ፣ ሞርሳ፣ ደቃቅ ሞረድ፣ ለስላሳ ሽቦ፣ ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ፣ ባዶ ጠርሙስ፣ ያልተከፈተ የፍሬን ዘይት። 11 ቁልፉ እንደ ተራው ክፍት ቁልፍ ሁለት ጎን ብቻ የሚይዝ አይሁን። ክብ ሆኖ ቱቦው የሚያልፍበት ብቻ ስንጥቅ ያለው ቁልፍ አለ። እሱን ፈልጉ። በተራ ቁልፍ የቆየ ዳዶ ስትፈቱ ጥጎቹ ይላጣሉ፣ ከዚያ በፒንሳ መታገል ነው።

አፍ ማውጫውን ርካሹን አትግዙ። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት ቱቦውን መያዝ አቅቶት ያንሸራትት ነበር። ሦስት ጫፍ አበላሸብኝ። ከዚያ ከመካኒኩ ተዋስኩ።

መኪናዋን ክሪክ ላይ ብቻ አድርጋችሁ ሥሯ አትግቡ። የብረት ማቆሚያ ይግባ። ጓሮው አፈር ከሆነ ከማቆሚያው ሥር ወፍራም ሳንቃ አድርጉ። የሱሉልታ ጥቁር አፈር በክረምት ማቆሚያውን ይውጠዋል።

መስመሩን በሽቦ መለካት

አሮጌውን ቱቦ ሳትፈቱ ፎቶ አንሱት። ከዚያ ለስላሳ ሽቦ ወስዳችሁ ከማስተሩ ጀምሮ ቱቦው የሚሄድበትን መንገድ በሽቦው እጠፉት። ይህ ሽቦ ንድፋችሁ ነው። አውጥታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ትለኩታላችሁ፣ ለአፉና ለስሕተት 3 ሴንቲ ሜትር ትጨምራላችሁ።

በቮልስ ላይ መስመሩ እንዲህ ነው። ማስተሩ ከፔዳሉ ፊት፣ በመኪናዋ ግራ በኩል፣ ከታች ነው ያለው። ከሱ ሁለት ቱቦ ወደ ፊት ይወጣል። አንዱ አጭር ነው፣ ወደ ግራ ጎማ። ሌላው ረጅም ነው፣ ከፊተኛው አክስል ጋር ተሻግሮ ወደ ቀኝ ጎማ። ሦስተኛው ወደ ኋላ ይሄዳል። ይህኛው ወደ መኪናዋ ውስጥ ይገባና ከመሐለኛው ጉብታ ጎን፣ ከምንጣፉ ሥር ያልፋል። ከኋላ ይወጣና ካምቢዮው አካባቢ ለሁለት ይከፈላል። ምንጣፉን ስታነሱ ይህን የኋላ ቱቦ በደንብ እዩት። ምንጣፉ ውኃ ይይዛል። የእኔ ከላይ ቀለም ያለው ይመስል ነበር፣ በካቻቪቴ ስነካው ተፈረፈረ። ፊቱን ብቻ ለመቀየር ያሰባችሁም ብትሆኑ የኋላውንም አብራችሁ ቀይሩት።

መንገዱን ስታስቡ ሦስት ነገር ይጠበቅ። ቱቦው የሚንቀሳቀስ ነገር አይንካ፣ መሪውንም ጎማውንም። ከጭስ ማውጫና ከሙቀት ይራቅ። ከመኪናዋ በታች ካለው ብረት በታች አይንጠልጠል፣ ምክንያቱም ከአስፋልት ስትወጡ ድንጋይ ይመታዋል።

መቁረጥና አፍ ማውጣት

በሴጌቶ አትቁረጡ። ጫፉን ያጣምመዋል፣ ብናኙም ውስጥ ይገባል። የቱቦ መቁረጫውን አዙሩ፣ ትንሽ አጥብቁ፣ እንደገና አዙሩ። ቶሎ ልጨርስ ካላችሁ ቱቦው ይጨፈለቃል። ከተቆረጠ በኋላ ጫፉ ቀጥ ያለ መሆኑን እዩ። የውስጡንና የውጭውን ጠርዝ በሞረድ ቀስ ብላችሁ አለስልሱ። ስትሞርዱ ጫፉን ወደ ታች ያዙት፣ ብናኙ ወደ ውስጥ እንዳይሄድ።

አሁን ዳዶውን አስገቡ። ከአፉ በፊት! አፉ ከወጣ በኋላ ዳዶ አይገባም። የሁለተኛውን ጫፍ አፍ ከማውጣታችሁ በፊትም ሁለተኛው ዳዶ ቱቦው ላይ መኖሩን፣ ፊቱም ወደ ትክክለኛው ጫፍ መዞሩን እዩ። ሁለቱ ዳዶዎች ጀርባ ለጀርባ ናቸው።

ቱቦውን አፍ ማውጫው ውስጥ አስገቡ። ከመያዣው ውጭ የሚቀረው ልክ መሣሪያው ላይ ተለክቷል። ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢበዛ አፉ ያጋድላል፣ ቢያንስ ደግሞ ቀጭን ይሆናል። መያዣውን አጥብቁ። ጫፉ ላይ አንድ ጠብታ የፍሬን ዘይት አድርጉ። መግፊያውን ቀስ ብላችሁ አውርዱ። ክብ አፍ በዚህ ብቻ ያልቃል። ድርብ አፍ ሁለተኛ ዙር አለው፣ መጀመሪያ ያበጠውን ወደ ውስጥ ታጥፉታላችሁ።

ፈትታችሁ በብርሃን እዩት። እኔ መካኒኩ እንዳሳዩኝ ነው የማየው። ቱቦውን በሁለት ጣት ይዘው ቀስ ብለው ያዞሩታል፣ ዓይናቸውን አያነሱም። አፉ ዙሪያውን እኩል ነው? አንድ ወገን ከሌላው አልወፈረም? ጠርዙ ላይ ስንጥቅ የለም? አንድ ጊዜ ጥሩ ነው ያልኩትን ሰጠኋቸው። አዞሩት፣ «ልጄ፣ ይቺን ቁረጣት» አሉኝ። እኔ ምንም አልታየኝም ነበር። ጥፍራቸውን ጠርዙ ላይ ሲያስኬዱ አንድ ቦታ ላይ ያዘ። ከዚያ ወዲህ ጥፍሬን እጠቀማለሁ። አንድ ጫፍ ቢበላሽ የምትከስሩት 2 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ነው፣ ቆርጣችሁ ድገሙት።

ዋናውን ቱቦ ከመንካታችሁ በፊት በቁራጭ ላይ አምስት ስድስት ጊዜ ተለማመዱ።

ሲያልቅ ውስጡን አጽዱ። በቤንዚን አትጠቡት። ቤንዚን የማስተሩንና የካሊፐሩን ጎማ ያሳብጠዋል። ንጹሕ የፍሬን ዘይት አሳልፉበት፣ ከዚያ በአየር ንፉት። ጎሚስታ ጋ የምትወስዱት ከሆነ የኮምፕሬሰሩን ውኃ መጀመሪያ እንዲያፈስሱ ጠይቁ። በቱቦው ውስጥ ውኃ አንፈልግም።

ማጠፍ

በሽቦው ንድፍ መሠረት እጠፉ። ጠባብ ማጠፊያ አታድርጉ፣ ቱቦው ይጎብጥና መንገዱ ይጠባል። ማጠፊያ መሣሪያ ከሌላችሁ 30 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ነገር ላይ፣ ለምሳሌ የትልቅ ቁልፍ ሶኬት ላይ፣ በአውራ ጣት እየገፋችሁ ጠምጥሙት። ከአፉ አጠገብ ቢያንስ 4 ሴንቲ ሜትር ቀጥ ብሎ ይቅር። ዳዶው ወደ ኋላ መሸሽ አለበት፣ ቱቦውም ወደ መቀመጫው ቀጥ ብሎ መግባት አለበት። የእኔ የተሰነጠቀው ቱቦ ልክ ከዳዶው ሥር ነበር የታጠፈው።

መግጠም

ሁሉንም ዳዶ መጀመሪያ በጣት ጀምሩ። በጣት ሦስት አራት ዙር ካልሄደ ጥርሱ ተሻግሯል። ፍቱት፣ አስተካክሉት፣ እንደገና ጀምሩ። የካሊፐሩን ጥርስ በቁልፍ ማስገደድ ካሊፐሩን መጣል ነው።

ጫፎቹ በሙሉ ከገቡ በኋላ ቱቦውን ከአካሉ ጋር እሰሩት። በየ30 ሴንቲ ሜትሩ መያዣ ይኑረው። ብረት ለብረት እንዳይፋተግ መያዣው ጎማ ይኑረው። በብረት ቀዳዳ በሚያልፍበት ቦታ የጎማ ቀለበት ይግባ። የመንገዱ መንቀጥቀጥ በጥቂት ወር ውስጥ ባዶ ቱቦን ይበላዋል።

አሁን አጥብቁ። ለኤም 10 ዳዶ ከ15 እስከ 20 ኒውተን ሜትር ይበቃል። መለኪያ ቁልፍ ከሌላችሁ አጭር ቁልፍ ያዙና በክንድ ሳይሆን በእጅ አንጓ ጉልበት አጥብቁ። አዲስ አፍ ከሆነ አንድ ጊዜ አጥብቁ፣ ሩብ ዙር ፍቱ፣ እንደገና አጥብቁ። አፉ መቀመጫውን ያገኛል። ጥርሱ ላይ ቴፍሎን አታድርጉ። ማኅተሙ አፉ ነው፣ ጥርሱ አይደለም። የቴፍሎኑ ቁራጭ ደግሞ ማስተሩ ውስጥ ገብቶ ቀዳዳ ይደፍናል።

ቱቦ በመሐል ተቆርጦ ቢገኝ በውኃ ቧንቧ ማገናኛ አትቀጥሉት። እንዲህ የተቀጠለ መኪና አይቻለሁ። ቱቦውን ከጫፍ ጫፍ ቀይሩት።

የጎማ ቱቦዎቹ

ከብረት ቱቦው እስከ ካሊፐሩ ያለው ተጣጣፊ ቱቦ የታምቡሩ አሮጌ አይሁን። ርዝመቱ ለዲስኩ ካሊፐር የተሠራ አዲስ ይሁን። መጀመሪያ ካሊፐሩ ላይ አጥብቁት፣ ቀጥሎ ሌላውን ጫፍ መያዣው ውስጥ አስገቡና በብረት ክሊፑ እሰሩት፣ መጨረሻ ላይ የብረት ቱቦውን ዳዶ ግጠሙ። ዳዶውን ስታጠብቁ ተጣጣፊውን በሌላ ቁልፍ ያዙት፣ እንዳይጠማዘዝ። በጎኑ ላይ የተሳለ መስመር ካለ ቀጥ ብሎ መሄዱን አረጋግጡ።

ካሊፐራችሁ ቀዳዳ ባለው ቡሎን የሚታሰር ከሆነ ሁለት የመዳብ ሮንዴላ ያስፈልጋል፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። በፈታችሁ ቁጥር አዲስ ይሁኑ።

ከዚያ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራ፣ እስከ መጨረሻው ቀኝ አዙሩ። ጎማው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ አንድ ጊዜ፣ በክሪክ ወደ ላይ ተገፍቶ አንድ ጊዜ። ተጣጣፊው አይወጠር፣ ጎማውን አይንካ፣ አይጠማዘዝ። ይህን ሳታደርጉ ወደ ዘይቱ አትሂዱ።

ዘይትና አየር ማውጣት

ዶት 4 ዘይት ተጠቀሙ። አዲስ ሲሆን ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቋቋማል። ውኃ ከጠጣ በኋላ ወደ 155 ይወርዳል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል፣ ስለዚህ ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመውን አታፍስሱ። ዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ረጅም ስትፈርኑ ካሊፐሩ ይግላል፣ ውኃ ያለበት ዘይት ይፈላል፣ አረፋው ይጨመቃል፣ ፔዳሉ ይሰምጣል። ዶት 5 የሚባለው የሲሊኮን ነው፣ ከዶት 4 ጋር አይቀላቀልም። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በብዙ ውኃ እጠቡ፣ ቀለም ይበላል።

አየር ከማውጣታችሁ በፊት የኋላውን ታምቡር አስተካክሉ። ታምቡሩን ከውስጥ የሚይዘው ሸራ ከታምቡሩ የራቀ ከሆነ ፔዳሉ ሁልጊዜ ረጅም ይሆናል፣ እናንተም ያልነበረ አየር ስታሳድዱ ትውላላችሁ። ፔዳሉ ማስተሩን መግፋት ከመጀመሩ በፊት ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ነፃ እንቅስቃሴ ይኑረው። ካልኖረው ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው መመለስ አይችልም፣ ፍሬኑ ይይዛል።

አዲሱን ማስተር መኪናዋ ላይ ከመግጠማችሁ በፊት ሞርሳ ላይ ቀስ አድርጋችሁ እሰሩት፣ ዘይት ሙሉበትና ፒስተኑን በዝግታ እየገፋችሁ አረፋውን አውጡ። ይህ የአንድ ሰዓት ልፋት ያድናል።

ካሊፐሮቹን እዩ። የአየር ማስወጫዋ ወደ ላይ ነው መሆን ያለባት። ግራውና ቀኙ ከተቀያየሩ ማስወጫዋ ከታች ትሆናለች። አየር ደግሞ ወደ ላይ ነው የሚወጣው። አንድ ጓደኛዬ ሁለት ሊትር ዘይት ፈጅቶ ፔዳሉ ስፖንጅ ሆኖበት ቆይቷል፣ ምክንያቱ ይኸው ነበር።

ቅደም ተከተሉ ከማስተሩ ከሚርቀው ጎማ ይጀምራል። ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት። ግልጹን ቱቦ ማስወጫዋ ላይ ሰኩ፣ ሌላውን ጫፍ ትንሽ ዘይት ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ንከሩ። ወንድሜ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ እኔ ጎማው ሥር እተኛለሁ። ቀስ ብሎ ይረግጥና «ያዝኩ!» ይላል። እኔ ማስወጫዋን ሩብ ዙር እከፍታለሁ። አረፋ ያለው ዘይት እየተንቦጫቦጨ ይወጣል። እዘጋለሁ። «ልቀቅ!» እላለሁ። ከዚያ በፊት እግሩን አያነሳም። ቀድሞ ካነሳ አየሩን መልሰን እንጠጣዋለን። አንድ ጎማ ላይ አሥር፣ አሥራ አምስት ጊዜ ይወስዳል፣ ቱቦው ውስጥ አንዲት ነጠብጣብ እስከማይታይ።

ማጠራቀሚያውን በየአምስት ርግጫው ሙሉ። ባዶ ከሆነ ከመጀመሪያው ትጀምራላችሁ። ማስተሩ ያገለገለ ከሆነ ፔዳሉን እስከ ወለሉ አያውርደው። ፒስተኑ ከዚህ በፊት ያልሄደበት ቦታ ላይ ዝገት ይኖራል፣ ጎማውን ይቀደዋል። ከፔዳሉ ሥር ቁራጭ እንጨት አድርጉ።

ከመንዳታችሁ በፊት መፈተሽ

በየመጋጠሚያው ሥር ጋዜጣ አንጥፉ። አንድ ሰው ፔዳሉን በሙሉ ጉልበቱ ረግጦ አንድ ደቂቃ ይያዝ። ፔዳሉ ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ የሆነ ቦታ ያፈሳል፣ ወይም ማስተሩ ውስጡ ያልፋል። እናንተ በባትሪ እያንዳንዱን ዳዶ እዩ፣ በደረቅ ሶፍት ጥረጉት። ሶፍቱ ከረጠበ ትንሽ አጥብቁ። አሁንም ከረጠበ አፉን ቆርጣችሁ ድገሙት እንጂ እስኪጮህ አታጥብቁት። የቮልስ የፍሬን መብራት ማብሪያ ማስተሩ ላይ ነው የሚጠመዘዘው፣ እሱንም ጥረጉ። መኪናዋን ሌሊቱን አሳድሯትና ጠዋት ጋዜጦቹን እዩ።

የመጀመሪያው ጉዞ ሜዳ ላይ፣ በ10 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይሁን። የእጅ ፍሬኑ መያዙን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ከዚያ ሰው በሌለበት መንገድ ከ50 ወደ 10 ኪሎ ሜትር ስምንት አሥር ጊዜ ፈርኑ፣ በየመሐሉ ዲስኩ እንዲቀዘቅዝ ትንሽ ንዱ። ፓዱ ከዲስኩ ጋር ይላመዳል። ወደ አንድ ወገን ከሳበች፣ የሚሳብበት ተቃራኒ ጎማ ውስጥ አየር ወይም የተጎበጠ ቱቦ ፈልጉ። ስትመለሱ አራቱንም ጎማ መሐል በእጅ ጀርባ ቅርብ አድርጋችሁ ሙቀቱን አወዳድሩ። አንዱ ብቻ ከጋለ ያ ፍሬን አልለቀቀም።

ከሳምንት በኋላ እንደገና ሥሯ ግቡ፣ ዳዶዎቹን ጥረጉና እዩ። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ እንዲሁ። እኔ ማጠራቀሚያው ላይ ፕላስተር ለጥፌ ዘይቱ የተሞላበትን ቀን በእስክሪብቶ ጽፌያለሁ፣ ሁለት ዓመት ሲሞላው ይቀየራል።